የአረጋውያን ሠራተኞች ዕጣ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፦ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥልጠናና ስለ ጡረታ ሥርዓት የቀረበ ዳሰሳ

አምቦ፣ በቀድሞው ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ የነበረችው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በፍል ውኃዋና ከ90 ዓመት በላይ በጠርሙስ እየተሞላ በሚሸጠው የማዕድን ውኃዋ ስሟ በሀገሩ ሁሉ የገነነ ትሁን እንጂ፣ የነዋሪዎቿን አኗኗር ቀርቦ የሚመረምር ሰው የከተማይቱ እስትንፋስ ከሁሉ ይልቅ በወር ደመወዝ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ለመገንዘብ ብዙ አይቸገርም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 48,171 ሰዎች የተቆጠሩባት ይህች የምዕራብ ሸዋ ዞን መናገሻ፣ የዞኑን ጽሕፈት ቤቶች፣ ፍርድ ቤቱን፣ ሆስፒታሎቹን፣ የእርሻ ምርምር ማዕከሉን፣ እንዲሁም በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ተመሥርቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃውን ተቋም በአንድነት አቅፋ የያዘች በመሆኗ፣ ደመወዝ በተከፈለ ሰሞን ገበያዋ ይደምቃል፤ ወሩ ሊያልቅ ሲቃረብም የባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ ይወፍራል። ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ፣ ባኮ፣ ጎጆና ሌሎቹም የዞኑ ከተሞች፣ በስፋታቸው ቢያንሱም በዚህ ጠባያቸው ከአምቦ የሚለዩ አይደሉም፤ በገበያ ቀን የገበሬው ጤፍና ድንች ያንቀሳቅሳቸዋል፣ በቀረው ቀን ግን የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የልማት ሠራተኛውና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደመወዝ ነው የሚያኖራቸው።

እንግዲህ በእንዲህ ያሉ ከተሞች፣ በደመወዝ ሥራ ላይ የሸበተ ሰው ዕጣው ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የከተማው ሁሉ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ደመወዝን ለብቻው፣ ሥልጠናን ለብቻው፣ ጡረታንም ለብቻው አድርገው ይተቻሉ፤ ሦስቱ ግን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ እንደ ሐረግ ተጠማዝረው የሚያድጉ ናቸውና፣ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመርመር እውነቱን ከፍሎ ማየት ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት በግልጽ ይነገር ዘንድ ካስፈለገም፣ የአረጋዊው ሠራተኛ ችግር 60 ዓመት በሞላበት ዕለት የሚጀምር አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ፣ ሥልጠና ሲያልፈው፣ የደመወዙም እርከን ሲያበቃ፣ ቀስ በቀስ የተሠራ ነው፤ የመሰናበቻው ደብዳቤ ቀድሞ የተሠራውን ነገር ማኅተም ከማድረግ በቀር አዲስ ነገር አያመጣም።

አስቀድሞ ስለ ሕጉ። በኢትዮጵያ ለመንግሥት አገልጋዮች የጡረታ መብት በዘመናዊ ሕግ የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 4፣ መንግሥትም በመቶ 6 እንዲያዋጡ ተወስኖ ነበር። ያ ሕግ በወጣበት ዘመን ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ወደ 40 ዓመት ገደማ ብቻ እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ሕግ አውጪዎቹ ስለ ብዙ ሽማግሌዎች ሳይሆን ስለ ጥቂቶች ያስቡ እንደ ነበር እንረዳለን። በደርግ ዘመን መብቱ በመንግሥት እጅ ወደ ገቡት ፋብሪካዎችና የልማት ድርጅቶች ሠራተኞች ተስፋፋ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባለውን የቁጠባ ገንዘብ ካላቋቋመለት በቀር ለእርጅናው አንዳች ዋስትና ሳይኖረው እስከ 2003 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጡ፤ እነርሱንም በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተክተዋቸዋል። ዛሬ አሠሪው በመቶ 11፣ ሠራተኛው በመቶ 7 ያዋጣሉ፤ የጡረታ መውጫው ዕድሜም በጠቅላላው 60 ዓመት ነው። የሃይማኖት ተቋማት አገልጋዮችና በግላቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች በ2003ቱ ሕግ በፈቃዳቸው መግባት ይችሉ ዘንድ በሩ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ በጉደርና በጊንጪ መንገድ ዳር ከሚነግዱት፣ ከሚሰፉትና ከሚበይዱት መካከል በዚህ በር የገባ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የአበሉ ስሌት ለብዙዎች ምሥጢር ሆኖ ይኖራልና በዝርዝር ማየት ይገባል። ሠራተኛው ለ10 ዓመት ካገለገለ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ በመቶ 30 ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ለሚያገለግለው ለእያንዳንዱ ዓመት በመቶ 1.25 ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ግን ከመቶ 70 አይበልጥም። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለና አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በመቶ 55፣ ማለትም 4,400 ብር ይዞ ይወጣል፤ ከመቶ 70 ለመድረስ ደግሞ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይኸውም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድ ቀን ሳያቋርጥ እስከ 60 ዓመቱ የሠራ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነው። በአንጻሩ በግል ድርጅት በሾፌርነት ወይም በመካኒክነት ሲሠራ የኖረ፣ የቀደመው አገልግሎቱ በጡረታ ሳይያዝለት ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ብቻ መዋጮ የተከፈለለት ሰው፣ በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ 60 ዓመት ቢሞላው የሚታሰብለት 15 ዓመት ነውና፣ ድርሻው በመቶ 36.25 ይሆናል፤ በዚያው በ8,000 ብር አማካይ ደመወዝ ቢሰላ 2,900 ብር ማለት ነው። ይህ ሰው 35 ዓመት የሠራ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ የሚያውቀው ግን 15ቱን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ አበል የሚሰናበት ሰው ከሥራ ያርፋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ከአንዱ ሥራ ወጥቶ ሌላ፣ ያነሰ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የዕድሜ አመዘጋገብ ነገር አለ፤ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ስለ ጡረታ ሲወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ይኸው ነው። ሕጉ የሚቀበለው ሠራተኛው በመጀመሪያ በተቀጠረ ጊዜ በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ያሰፈረውን የልደት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚቀርብ ማስረጃ አይለውጠውም። ነገር ግን የዛሬዎቹ የ60 ዓመት ሰዎች በተወለዱበት ዘመን፣ የክርስትናቸውን ቀን የሚያስታውስ እናት ወይም ቄስ ካልኖረ በቀር፣ የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ወጣት ከገጠር መጥቶ ሲቀጠር፣ አንዱ ለሥራው ዕድሜ ይበቃ ዘንድ ሁለትና ሦስት ዓመት ጨምሮ ሞላ፤ ሌላው በትምህርት ቤት የተሰጠውን ግምት ጻፈ፤ ሌላውም ዓመተ ምሕረቱን ከአውሮፓ አቆጣጠር ጋር አቀላቀለው። ከ40 ዓመት በኋላ ያ በችኮላ የተሞላ ወረቀት ከግል ማኅደሩ ወጥቶ የሰውን የሥራ ዘመን ይቆርጣል። የሰው ሀብት አስተዳደር ሠራተኛው ማኅደሩን ገልጦ፣ በቢጫ ወረቀት ላይ በስክሪፕቶ የተጻፈችውን አኃዝ በጣቱ እየጠቆመ «ይህ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ አይደለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው መልስ የለውም፤ ጽሑፉ የእርሱ ነውና። የሕጉን ምክንያት እንረዳለን፤ ለእያንዳንዱ ሰው ዕድሜን ማስተካከል ቢፈቀድ ማጭበርበሩ መጨረሻ አይኖረውም። ነገር ግን ዕድሜ ራሱ ግምት በሆነበት ትውልድ ላይ፣ ዕለቱን ቆጥሮ በር መዝጋት ርትዕ መሆኑ ያጠራጥራል።

ወደ ደመወዝ ስንመለስ፣ በሀብታሞቹ ሀገሮች ስለ አረጋውያን ሠራተኞች የሚጻፈውን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ስሕተት መሆኑን አስቀድሞ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤድዋርድ ላዚር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ አሠሪዎች ሠራተኛውን በወጣትነቱ ከሚያፈራው አሳንሰው፣ በሽምግልናው ደግሞ ከሚያፈራው አብልጠው የሚከፍሉበት ሥርዓት እንዳለ፣ የግዴታ ጡረታም ይህ የኋለኛው ብልጫ ያለ ገደብ እንዳይቀጥል የተደረገ መደምደሚያ እንደ ሆነ ገልጿል። ከዚህም የተነሣ በጃፓንና በአውሮፓ ሽማግሌው «ውድ ሠራተኛ» ተብሎ ይፈራል። የአምቦው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ውድ ሆኖ አያውቅም። የደመወዝ ስኬሉ በደረጃና በእርከን የተከፈለ ነው፤ እርከኑ ጥቂት ነው፤ በእርከንና በእርከን መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ ነው፤ ከጣሪያው የደረሰ ሰው የደረጃ ዕድገት ካላገኘ በቀር እዚያው ይቆማል። በመሆኑም 30 ዓመት ያገለገለ የሒሳብ ሠራተኛ ከእርሱ በኋላ ዲግሪ ይዞ ከመጣ ልጅ በታች ሲከፈለው ማየት በየጽሕፈት ቤቱ የተለመደ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ሆኖ በነበረበት ጊዜ፣ ከሁሉ የተጎዳው በጣሪያው ላይ የቆመው ይኸው ሠራተኛ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛው ደመወዝ 4,760 ብር እንዲሆን፣ በ2018 ዓ.ም. መባቻም ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል፣ የባለ ዲግሪው መነሻም 11,500 ብር እንዲደርስ መደረጉ መልካም ነገር ነው። ከዚህ ጋር ግን ብዙዎች ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ፤ አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ በመሆኑ፣ ጭማሪው በወጣ በ1 ዓመቱ የሚሰናበት ሠራተኛ ከጭማሪው በአማካዩ ላይ የሚያርፍለት ሲሶው ብቻ ነው፤ 3 ዓመት የቆየ ግን ሙሉውን ያገኛል። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ደረጃ፣ ለእኩል ዘመን ያገለገሉ ሁለት ሰዎች፣ በልደት ዓመታቸው ልዩነት ምክንያት ብቻ እስከ ዕለተ ሞታቸው የተለያየ አበል ይበላሉ። አበሉ በራሱ ከዋጋ ጋር የሚራመድ ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ ብቻ የሚሻሻል በመሆኑም፣ ቀድሞ የወጣው በየዓመቱ ወደ ኋላ ይቀራል። አረጋዊው ሠራተኛ ሥራውን ለመልቀቅ የሚፈራበት፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ለማስለወጥ ደጅ የሚጠናበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል፤ ስንፍናም፣ ሥልጣን ወዳድነትም ብሎ መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ነው።

የነገሩ ሥር ግን በሥልጠና ላይ ነው። የምዕራብ ሸዋን የትምህርትና የጤና አገልግሎት በትከሻቸው የተሸከሙትን ሰዎች ታሪክ ብንመረምር፣ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ «አሮጌ» የተባሉ ሆነው እናገኛቸዋለን። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም (ቲ ቲ አይ) የ1 ዓመት ሥልጠና ወስዶ በሰርተፍኬት ያስተማረ መምህር፣ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ዲፕሎማ፣ ኋላም ዲግሪ እንዲኖረው ተጠየቀ። ድሬሰርና ጤና ረዳት ሆኖ በየጤና ጣቢያው ቁስል ሲያጥብ፣ መርፌ ሲወጋ፣ ወላድ ሲያዋልድ የኖረውም፣ የሙያው ስም ራሱ ከመዋቅሩ ላይ ሲሰረዝ አየ። ለመምህሩ የክረምት ትምህርት ተከፈተለት፤ ይህም ለብዙዎች እውነተኛ መድኅን ሆነ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የአምቦ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ያየ ሰው፣ ጠጉሩ የሸበተ መምህር ጃንጥላና ደብተር ይዞ፣ ቀድሞ ካስተማረው ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ፈተና ሲፈተን አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትዕይንት አክብሮት እንጂ ሐዘኔታ አይገባውም። የመምህራን የዕድገት መሰላል፣ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ የሚዘረጋ በመሆኑ፣ ልምድን በደመወዝ የሚያከብር፣ ከሌሎቹ ሙያዎች ሁሉ የተሻለ ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ከመምህራን ውጭ ያለው ሠራተኛ ይህን አላገኘም። የጽሕፈት ሠራተኛዋ፣ የመዝገብ ቤቱ ኀላፊ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያው ክረምት የላቸውም፤ ሥልጠና ሲመጣ ኀላፊው የሚልከው ወጣቱን ነው። ምክንያቱን ብትጠይቁት «እርሳቸው እኮ ሊወጡ ነው» ይላችኋል። ይህ አነጋገር ከላይ ሲታይ የምጣኔ ሀብት ጥበብ ይመስላል፤ ለሥልጠና የወጣው ገንዘብ ቶሎ እንዲመለስ ረጅም የአገልግሎት ዘመን የቀረው ሰው ይመረጣልና። ነገር ግን «ሊወጡ ነው» የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ 48 ወይም 50 ዓመት የሆነው ነው፤ ገና 10 ወይም 12 ዓመት ይሠራል። በአንጻሩ የሠለጠነው ወጣት በ2 እና በ3 ዓመት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ይጠይቃል፣ ወይም የግል ባንክ ይቀጥረዋል። በወረዳዎች የሒሳብ ሥራ አይቤክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት መሠራት በጀመረ ጊዜም ሥልጠናው በመጀመሪያ ለማን ደረሰ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከዚህ የራቀ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ነባሩ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን ስለማያውቅ «አይችልም» ይባላል፤ ስለማይችል ሥራው ይወሰድበታል፤ ሥራው ስለ ተወሰደበትም የአፈጻጸም ውጤቱ ይወርዳል። ሰውየው በራሱ አላረጀም፤ አስረጁት።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመላ ሀገሪቱ በሥራ ላይ የዋለው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ሥርዓት ይህን ነገር አባብሶታል የሚል አስተያየት አለን። ሥርዓቱ የሚመዝነው መደቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ይህም በመርሕ ደረጃ ፍትሐዊ ነው፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ይሆን ዘንድ ያስችላልና። ነገር ግን ለመደቡ የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ቁጥር፣ ያንኑ ሥራ ለ25 ዓመት ያለ ማስረጃ ሲሠራ የኖረ ሰው በድልድል ጊዜ ወደ ታች ይገፋል። በእጅ ሙያ ረገድ ለዚህ መድኃኒት አለ፤ በልምድ የተማረ መካኒክ ወይም ግንበኛ ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኝበት የምዘና ሥርዓት ተቋቁሟል። ይህ ምዘና ለጽሕፈት፣ ለመዝገብና ለአስተዳደር ሥራ ነባር ሠራተኞች በሙላት ያልደረሰበትን ምክንያት ግን ልንረዳው አልቻልንም።

ስለ መዝገብ ቤት ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም የአረጋዊ ሠራተኛ ዋጋ ከዚህ ይልቅ በግልጽ የሚታይበት ስፍራ የለም። የወረዳ ጽሕፈት ቤትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመሬት፣ የቤት፣ የውርስና የቅጥር ማኅደሮች በእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ በገመድ ታስረው፣ አንዳንዶቹም ቦታ ጠቧቸው ከወለሉ ላይ ተከምረው ይኖራሉ። ቁጥራቸው በመዝገብ ላይ ተጽፏል፤ መዋቅሩ በተለወጠ ቁጥር ግን፣ አውራጃው ቀርቶ ዞን ሲሆን፣ ወረዳው ሲከፈል፣ ቀበሌው ከሌላ ቀበሌ ሲቀላቀል፣ የአሮጌው ቁጥርና የአዲሱ ቁጥር ዝምድና ከመዝገቡ ወጥቶ በአንድ ሰው ልቡና ውስጥ ብቻ ይቀራል። ያ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የምስጋና ወረቀትና ጋቢ ተሰጥቶት ይሸኛል። በሳምንቱ ባለ ጉዳይ መጥቶ ማኅደሩን ሲጠይቅ ማኅደሩ ይጠፋል፤ በእርሱ ቦታ የተተካው ወጣት ወደ ሽማግሌው ስልክ ይደውላል፤ ሽማግሌውም ከቤቱ ሆኖ «ከመስኮቱ በስተ ግራ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ሰማያዊ ክላሴር» ብሎ ይመራዋል። ይህ በስልክ የሚሰጥ አገልግሎት ደመወዝ የለውም፣ በሕግም አልታወቀም፤ አረጋዊው እስኪሞት ድረስ ግን መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በእርሱ ነው።

ሽማግሌው ካልወጣ ወጣቱ አይገባም የሚለው ክርክር በዚህ ሀገር ከባድ ክርክር ነው፤ በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነሥቶ ሀገሩን ያዳረሰው የወጣቶች ተቃውሞ ከመሬትና ከፖለቲካ ጥያቄ ጋር የሥራ አጥነትንም ምሬት ያዘለ ነበር፤ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚመረቀውም ልጅ መደብ ፍለጋ ይዞራል። በዓለም ላይ ይህን ጉዳይ ከመረመሩት መካከል ጆናታን ግሩበርና ዴቪድ ዋይዝ የተባሉ ሊቃውንት ያስተባበሩት፣ የ12 ሀገሮችን ልምድ የመረመረ ጥናት፣ አረጋውያንን ቀድሞ ማሰናበት ለወጣቱ ሥራ እንዳልፈጠረ አረጋግጧል፤ በአንድ ሀገር ያለው ሥራ ቁጥሩ የተወሰነ አይደለምና። እኛ ግን ይህን ውጤት እንዳለ ለመቀበል እንጠነቀቃለን። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መደቡ በእርግጥ የተወሰነ ነው፤ በጀት የተያዘለት 1 መደብ ሲለቀቅ 1 ሰው ይገባበታል። ይህን መካድ ለወጣቱ ታማኝ አለመሆን ነው። ቢሆንም የሚከተለውን ደግሞ መመልከት ይገባል፤ ሙሉ ደመወዝ ያገኝ የነበረ አባት የደመወዙን ግማሽ በሚያህል አበል ሲሰናበት፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው የልጁ ወጪ፣ የቤቱ ኪራይ፣ የባለ ሱቁ ዱቤ ሁሉ ይናጋል፤ በዚህ መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ሲቀጠር፣ በዚያ ቤት ሌላ ወጣት ትምህርቱን ያቋርጣል። መደብ እየተቀባበሉ ሥራ አጥነትን ማጥፋት አይቻልም።

ከተሰናበቱ በኋላስ? ጥቂቶች፣ በተለይ የሂሳብና የሳይንስ መምህራን፣ የግል ትምህርት ቤቶች በኮንትራት ይቀጥሯቸዋል። ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በግል ክሊኒኮች ስፍራ ያገኛሉ። የተማረው ሙያ በገበያ የማይፈለግ ሰው ግን ዕጣው ጥበቃ ነው፤ ቀድሞ ፋይል ይፈርም የነበረ ሰው በባንክ በር ላይ ካፖርት ለብሶ ይቆማል። ሴቶቹ ከቤት እንጀራ ጋግረው፣ በርበሬ አዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ በሥራ ዘመናቸውም ሆነ ከዚያ በኋላ የልጅ ልጅ አሳዳጊና የታመመ አስታማሚ እነርሱ ናቸውና ከቢሮ ቢወጡም ዕረፍት አያዩም። ወደ ገጠር ተመልሶ ማረስ የብዙዎች ምኞት ነበር፤ ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ መሬት የያዘው በቦታው ተቀምጦ ያረሰው ነው፤ ለ35 ዓመት በአምቦና በባኮ በደመወዝ የኖረ ሰው በትውልድ ቀዬው ወንድሞቹ እንጂ እርሱ የያዘው እርሻ የለም። ዕድር፣ ሰንበቴና የሽምግልና ጉባኤ ያከብሩታል፤ የዕድሩን ሒሳብ እርሱ ይይዛል፣ የተጣሉትን እርሱ ያስታርቃል። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ምሳው ግን ከክብር አይበስልም።

በዚህ ምድር ግን ከጡረታ ሕጋችን እጅግ የቀደመ፣ ሥልጣንን ከዕውቀት ለይቶ የሚያይ ሥርዓት ነበረ፤ እርሱም ገዳ ነው። የሜጫ ኦሮሞ ታሪካዊ የጉባኤ ሥፍራ ኦዳ ቢሲል በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ይገኛል። በገዳ ሕግ አንዱ መደብ 8 ዓመት አስተዳድሮ ሥልጣኑን ለተከታዩ ያስረክባል፤ ያስረከቡት ሰዎች ግን ዩባ ተብለው፣ ለአዲሶቹ መካሪና ሕግ አስታዋሽ ሆነው ለረጅም ዘመን ይቀመጣሉ። ወንበሩ ለወጣቱ ይለቀቃል፤ አረጋዊው ግን ከጉባኤው አይወጣም። የእኛ የቢሮ ሥርዓት ከዚህ ሁለት ክፍል የመጀመሪያውን ብቻ ወሰደ።

ሌሎች መንግሥታት በየመንገዳቸው ሄደዋል። የአሜሪካ መንግሥት በ1967 እ.ኤ.አ. በዕድሜ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን በሕግ ከከለከለ በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. የግዴታ ጡረታን ለአብዛኛው ሠራተኛ አስቀረ፤ እንግሊዝም በ2011 እ.ኤ.አ. ተከተለች። እነዚህ ለእኛ የሚስማሙ አይመስለንም፤ የጃፓን መንገድ ግን ይቀርበናል። በጃፓን አሠሪው 60 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ፣ ብዙውን ጊዜ በአዲስ ውል፣ በተቀነሰ ክፍያና በቀለለ ኀላፊነት፣ እስከ 65 ዓመቱ እንዲያቆይ ይገደዳል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እስከ 70 ለማድረስ እንዲጥር ታዝዟል። መደቡ ለወጣቱ ይለቀቃል፤ አረጋዊው ግን ከሥራው አይቆረጥም።

በእኛም ሕግ በር የለም ማለት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ የሠራተኛው ትምህርትና ልዩ ችሎታ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልግ ሆኖ በዕድገት፣ በዝውውርም ሆነ በቅጥር ምትክ ካልተገኘለት፣ ጤናው ከተረጋገጠና ራሱም ከተስማማ፣ አገልግሎቱ በአንድ ጊዜ እስከ 5፣ በጠቅላላውም እስከ 10 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማራዘሚያ በባሕርዩ ለዩኒቨርሲቲ መምህርና ለሐኪም እንጂ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ለጥገና ባለሙያ፣ ለአዋላጅ ነርስ አይደርስም፤ «ልዩ ችሎታ» የሚለው ቃል ሲተረጎም ሁልጊዜ የምንመለከተው ዲግሪን ነውና። ማራዘሚያውም ሙሉ ደመወዝና ሙሉ መደብ ወይም ምንም የሚል በመሆኑ ወጣቱንና ሽማግሌውን በአንድ ወንበር ላይ ያጋጫቸዋል።

ስለዚህ ለኦሮሚያ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ ለሚያስፈጽሙ፣ ለምዕራብ ሸዋ ዞን አስተዳደርና ለመንግሥትና ለግል ድርጅት ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሮች ይህን እናሳስባለን። በየዓመቱ ከሚያዘው የሥልጠና በጀት ከ45 ዓመት በላይ ለሆኑ ሠራተኞች ድርሻ ይመደብ፤ በልምድ የተገኘ የቢሮ ዕውቀት እንደ መካኒኩ ተፈትኖ ማስረጃ ይሰጠው፤ ሠራተኛው 58 ዓመት ሲሞላው መደቡ ለተተኪው ተለቅቆ፣ እርሱ ደመወዙን እንደያዘ የቀሩትን 2 ዓመታት ያንን ተተኪ በማስተማር ይፈጽም፤ ከ60 በኋላም በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በአበሉ ላይ በሚታከል መጠነኛ ክፍያ የሚመክርበት ውል በሕግ ይፈቀድለት። የአበሉ ስሌት በደመወዝ ማሻሻያ መካከል ለተሰናበቱት ሰዎች በእርማት ይስተካከል፤ ይህ ምጽዋት ሳይሆን በ30 እና በ40 ዓመት መዋጮ የተገዛ መብት ነው። እናንተም ወጣቶች የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች፣ የሚቀጥለው የሥልጠና ጥሪ ከጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ በእጩዎች ዝርዝር ውስጥ ያንን የ50 ዓመት ሰው ጻፉት፤ ገና 10 ዓመት ይሠራል።